ስም ያልወጣለት መድኃኒት

«እናቴ ከአይጥ ታንሳለች?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቆ ነበር። ከሽጉጡ ይልቅ ያስፈራኝ ግን ጥያቄው ነው። ሽጉጥ በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፣ ብዙ በሽተኛ አክሜያለሁ፣ ብዙዎችም እጄ ላይ አርፈዋል። ያንን ጠዋት ያህል የማልረሳው ቀን ግን የለም። ማን እንደነበርኩ ካላወቃችሁ ነገሩ ስለማይገባችሁ ከዚያ ልጀምር።

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው የተወለድኩት። አባቴ መጋላ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ሲንጀር የስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ ምላሱ ተሳሰረ። አልጋ ላይ ዓመታት ቆይቶ አረፈ። ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ሲለን መልስ አልነበረንም። ደርግ ሥልጣን ላይ በነበረበት ጊዜ ወጣቶች ወደ ሶሻሊስት አገሮች ለትምህርት ሲላኩ ዕድሉ ለእኔም ደረሰኝና ሶቭየት ኅብረት ሄጄ ሕክምና ተማርኩ። እዚያ አባቴን የጣለው ነገር ምን እንደሆነ አወቅኩ። ዛሬ ሁላችንም ስትሮክ የምንለው በሽታ ነው። ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ስር ይደፈናል፣ ወይም ይፈነዳል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ትርፍ ጊዜዬን በሙሉ የማሳልፈው ኒና ሰርጌዬቭና የምትባል ፕሮፌሰር ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ሥራችን በአይጥ ነው። ነጩን አይጥ እናደነዝዝና አንገቱን ከፍተን ወደ አንጎሉ የሚያልፈውን የደም ስር በክር እንቋጥራለን። አይጡ ሲነቃ አንድ ጎኑን እየጎተተ ባለበት ይሽከረከራል። ከቋጠርን በኋላ ወዲያው መድኃኒት የወጋነው ግን በማግስቱ ቆሞ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ጢሙን ይጠርጋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አባቴ ነው የታየኝ። መድኃኒቱ ገና ስም አልወጣለትም፤ በቁጥር ነበር የምንጠራው።

ወደ አገሬ ስመለስ ኒና ሰርጌዬቭና ጥቂት ብልቃጦች በካርቶን አሽጋ ሰጠችኝ። «አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ስትገቢ ሙከራውን በእናንተ አገር አይጦች ላይ ድገሚው። እኛ ያገኘነውን አንቺም ካገኘሽ ያኔ እናምናለን» አለችኝ። እኔ ግን የተመደብኩት ላቦራቶሪ ሳይሆን ድሬዳዋ ሆስፒታል ነው። ካርቶኑ የመድኃኒት ቤቱ ማቀዝቀዣ ጥግ ውስጥ ገባ። ሙቀት በበረታ ቁጥር መብራት ስለሚጠፋ ማቀዝቀዣው ከሚሠራበት የማይሠራበት ይበዛ ነበር።

እንደመጣሁ በሆስፒታሉ የውይይት ክበብ ላይ ከውጭ ስላገኘሁት ልምድ እንድናገር ታዘዝኩ። ስለ አይጦቹ አወራሁ። «ሰው ላይ ገና አልተሞከረም» ያልኩበትን ቦታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ደጋግሜዋለሁ። ከአዳራሹ ሲወጣ ግን ወሬው ያንን ቃል ጥሎት ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ከዚራ ሰፈር ውስጥ «ሽባ የምታስነሳ ዶክተር መጣች» ተባለ፤ መጋላ ደግሞ መድኃኒቱን በሻንጣ ሞልታ አምጥታዋለች አሉ።

ግንቦት ላይ ነው። ድሬ ገና በጠዋቱ የምትፋጅበት ወር። የተኙ ሕሙማንን እየዞርኩ ሳለሁ አንድ የወታደር ጂፕ እየከነፈ ገብቶ ግቢው መሀል ቆመ። ሁለት ወታደሮች አንዲት እናት በፍራሽ ተሸክመው ወረዱ። ከኋላቸው ረጅም፣ ጠይም የጦር መኮንን ይከተላል። ሻምበል ግርማ ይባላል፤ ሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ ነው የሚሠራው። ሴትየዋ እናቱ ናቸው፤ ወይዘሮ አስካለ። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ከዚራ ባለው ቤታቸው ከአንዲት ተመላላሽ ሠራተኛ በስተቀር ብቻቸውን ይኖራሉ።

«ከሩሲያ የመጣሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«መድኃኒቱን ስጪያት።»

ምንም ሳልመልስ ወደ እሳቸው ጎንበስ አልኩ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ቀኝ እጃቸውን ባነሳው ተመልሶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። ልሳናቸው ተዘግቷል፤ ዓይናቸው ግን ፊቴ ላይ ነበር። የደም ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሏል።

«መቼ ነው የወደቁት?»

«ሠራተኛዋ ጠዋት ስትገባ ከአልጋዋ ሥር ወድቃ አገኘቻት።»

«ለመጨረሻ ጊዜ በደኅና የታዩትስ?»

«ማታ እራት አቅርባላት ደህና እደሪ ተባብለዋል። ምን ያደርግልሻል ይሄ? ይኸው ታማ እያየሻት!»

ምን እንደሚያደርግልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ላቦራቶሪ ውስጥ ሰዓቱን የምናውቀው ክሩን የቋጠርነው ራሳችን ስለሆንን ነው። መድኃኒቱ ወዲያው ከተሰጠ ያድናል። እዚህ ግን በእራትና በጠዋቱ መካከል አንድ ሙሉ ሌሊት ጠፍቷል። ሴትየዋ ሲመሽ ይውደቁ ሊነጋ ሲል የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ የደም ስራቸው ተደፍኖ ይሁን ፈንድቶ አላውቅም። አንጎልን አሻግሮ የሚያሳይ መሣሪያ ያኔ እኛ ጋ አልነበረም። መድኃኒቱ ደም የሚያቀጥን ነው። ፈንድቶ ከሆነ እየፈሰሰ ያለ ቧንቧ ላይ ተጨማሪ ውሃ መልቀቅ ነው።

ይህን ሁሉ በተቻለኝ መጠን አስረዳሁት። ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ።

«አይጥ ድኗል ብለሽ በስብሰባ ተናግረሻል። እናቴ ከአይጥ ታንሳለች?»

«አያንሱም፣ ሻምበል። ስለማያንሱ ነው።»

«ንግግር አታሳምሪብኝ!»

የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ተፈራ እጄን ይዘው ወደ ቢሯቸው አስገቡኝ። ደግ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ግንባራቸው ላይ ላቡ ችፍ ብሎ ነበር። በሩን ዘግተው በሹክሹክታ ያወሩኝ ጀመር።

«ሶስና፣ ልጄ፣ ስሚኝ። ይሄ ሰውዬ ማን እንደሆነ አታውቂም። በአንድ ስልክ ሁለታችንንም የት እንደምንገባ ሳናውቅ ያስገባናል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«የተጣራ ውሃ በመርፌ ቅጂና ውጊላት። መድኃኒቱ ነው እንለዋለን። ከዚያ እግዜር እንዳለ ይሁን።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአንድ አፍታ ልቤ ከድቶኛል። እንዴት ቀላል መውጫ ነበር! ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው አሰብኩት። እኚህ እናት ቢሻላቸው ውሃው ተአምር ይሆናል፤ የድሬ ሽባ በሙሉ በጋሪ ተጭኖ ይመጣብኛል። ባይሻላቸው መድኃኒቱም እኔም ገዳይ እንባላለን። «አልችልም፣ ዶክተር» አልኳቸው። «መጀመሪያ ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ ልቅዳ። ደም ካለበት ፈንድቷል ማለት ነው፤ ነገሩ በዚያው ያልቅልናል።»

ይህንኑ ለሻምበሉም ነግሬው ጀመርኩ፤ ሲስተር ፋጡማ ናት ያገዘችኝ። ሐረር ተወልዳ ድሬ ያደገች ነርስ ናት፤ እንደ ብዙ የድሬ ሰው አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ሻምበሉንም ዶክተር ተፈራንም አንተ ነው የምትለው። ወይዘሮ አስካለን በጎናቸው አስተኝታ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጠፈች። «አይዞሽ እናቴ፣ ትንሽ ነው የሚያምሽ፣ ወላሂ ትንሽ ነው» እያለች ጭንቅላታቸውን እቅፏ ውስጥ ያዘች። መርፌውን ወገባቸው ላይ አስገባሁ። ሻምበሉ ከአጠገቤ ቆሞ ትንፋሹ ይሰማኛል። ደም ይሁን እያልኩ በልቤ ስጸልይ ራሴን ያዝኩት። አስቡት፣ የበሽተኛዬ አንጎል ውስጥ ደም እንዲፈስ እየተመኘሁ ነበር! እሱ ከሆነ እምቢ ለማለት ምክንያት አገኛለሁ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ወረደች። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራች ነበረች። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም።

«ይሄ ደም ነው?» አለ ሻምበሉ።

«አይደለም።»

«እንግዲያው ተደፍኗል ማለት ነዋ። አላልሽም? ደም ከሌለ ተደፍኗል አላልሽም?»

«ሳይሆን አይቀርም። እርግጠኛ መሆን ግን…»

«መድኃኒቱን አምጡት!»

አንዱ ወታደር ከመድኃኒት ቤቱ ካርቶኑን ይዞት መጣ። ሻምበሉ ራሱ ከፈተውና ብልቃጦቹን በሽተኛዋ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አቆማቸው። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ከእናቱ አከርካሪ ከቀዳሁት አይለይም ነበር። ከውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። ያኔ ከአልጋው ላይ የሚያየኝ ሌላ ሰው እንዳለ ትዝ አለኝ።

ተንበረከክሁና ግራ እጃቸውን ያዝኩ። «እማማ አስካለ፣ ይሰሙኛል? ከሰሙኝ እጄን ጨበጥ ያድርጉት።»

ጨበጡኝ። ዶክተር ተፈራ «ወይ ጉድ» ሲሉ ሰማሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከፋጡማ በቀር ሁላችንም በራሳቸው ላይ ቆመን እንደሌሉ ነበር የምናወራው።

በቀላል ቃል ነገርኳቸው። ይህ መድኃኒት እንስሳ ላይ እንደሠራ፣ ሰው ግን ወስዶት እንደማያውቅ። ሻምበሉ እያለ የማይነገር የመሰለኝን ሌላውን ነገርም ጨመርኩ። «ዘግይተን የወጋናቸው አይጦች ነበሩ። እነሱ አልዳኑም። አንዳንዶቹ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ሞቱ። እርስዎ መቼ እንደወደቁ አናውቅም፤ ዘግይተው ይሆናል። ገብቶዎታል?»

ጨበጡኝ።

«ልውጋዎት ብል ይፈልጋሉ?»

እጄን በጣም አጥብቀው ጨበጡት፤ አጥንቴ እስኪሰማኝ። ዓይናቸው ወደ ብልቃጦቹ ሄዶ እዚያው ቀረ።

«ይኸው!» አለ ሻምበሉ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ራሷ ፈቀደች። እኔም ፈቅጃለሁ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ምን እንደፈለግኩ ለራሴም ለማስረዳት ከባድ ነበር። ፈቃዱ አለ፣ ፈሳሹ ጠርቷል፣ መድኃኒቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። አባቴም በሐሳቤ መጥቶ ከሰዎቹ መሀል ቆሟል። አፌን ስከፍት የወጣው ድምፅ የእኔ አልመስል አለኝ። «አልወጋቸውም።»

ሻምበሉ ዞር ብሎ ዶክተር ተፈራን «አንተ ውጋት» አላቸው።

ዶክተር ተፈራ መርፌ አነሱ። የብልቃጡን አንገት ሰበሩ። መርፌውን ብልቃጡ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ቆም ብለው ቀና አሉና «ስንት ልቅዳ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? ይሄን ስትሠሪ የኖርሽ ልጅ!»

«ለሰው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ዶክተር። እኔም አላውቅም፤ ያስተማረችኝም አታውቅም።»

«ለአይጥ ስንት ነው?» አለ ሻምበሉ።

«በክብደቱ ነው።»

«እንግዲያው በእሷ ክብደት አባዢዋ!»

«ሰው ትልቅ አይጥ አይደለም» አልኩ። ጮኼ ይሁን ቀስ ብዬ አላስታውስም። «የእኛ አይጦች ሁሉም ወጣት ናቸው፣ አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት ምግብ። ግፊት የለባቸውም፣ ልባቸው ጤነኛ ነው። እናትዎ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ግፊታቸው የናረ፣ ሌሊቱን ወለል ላይ ያደሩ ሰው ናቸው። ባባዛው የሚወጣው ቁጥር እንጂ መድኃኒት አይደለም። ደግሞም በዚህ ሙቀት ማቀዝቀዣው ስንቴ እንደጠፋ መድኃኒት ቤቱን ይጠይቁ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዛሬ ምን እንደሆነ እንኳን አላውቅም።»

ዶክተር ተፈራ መርፌውን ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። የሻምበሉ እጅ ወደ ወገቡ ወረደ። ሽጉጡን ሊያወጣ ይሁን ቀበቶውን ሊይዝ እስከዛሬ አላውቅም። የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

የተናገረችው ፋጡማ ናት። «አቦ፣ አንተ ግርማ! እናትህን ላብ አጥምቋታል፣ ጎኗ ሥር አንሶላው ረጥቧል። ልገለብጣት ነው። ወይ ያዝልኝ ወይ ውጣልኝ።»

እንዲህ ተብሎ ያውቅ እንደሆነ እንጃ። ሻምበሉ ኮፍያውን አወለቀና እንዳለችው እጁን ከእናቱ ትከሻ ሥር አስገባ። አንድ ላይ ገለበጧቸው። «ቀስ! እንዲህ። እጇ ከሥሯ እንዳይቀር» ትለዋለች። እሱም እንደታዘዘው ያደርጋል። ጨርሶ ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። «ከሞተች አልምርሽም» አለኝ። አንድ ወታደር በር ላይ አቆመ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከግቢው መውጣት አልቻልኩም።

የቀጠሉት ቀናት በሕይወቴ ከማስታውሳቸው ሁሉ ረጅሞቹ ናቸው። ማድረግ የምንችለው ጥቂት ነገር ነበር፣ እሱንም አደረግን። ግፊታቸውን ቀስ በቀስ አወረድን። ትን እንዳይላቸው በአፍንጫቸው በገባ ቱቦ መገብናቸው። አልጋ እንዳያቆስላቸው እያገላበጥን፣ የሞተውን እጅና እግር እያሸን፣ እያንቀሳቀስን። ሻምበሉ በየቀኑ ከሁርሶ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ቆሞ ያያል፤ ቀጥሎ ከፋጡማ እየተቀበለ መገልበጥ ጀመረ። አያናግረኝም።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ አስካለ ባሰባቸው። ዓይናቸው ይከደን ጀመር። ብጠራቸው ይዘገያሉ፣ እጄን ለመጨበጥ ያለው ጉልበት እየከዳቸው ነው። የተጎዳ አንጎል በእንዲህ ያለ ጊዜ እንደሚያብጥ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን አላረጋጋኝም። በር ላይ ያለው ወታደር ሲያየኝ ዓይኑን ይሰብራል። ይህን ካየሁ ጀምሮ እንደሚሞቱ ሰው ሁሉ ያወቀ መሰለኝ።

ፋጡማን አጠገባቸው ትቼ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ማንም አልነበረም። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ካርቶኑን አወጣሁ። አንዱን ብልቃጥ በመዳፌ ይዤ ወደ መስኮቱ አነሳሁት፤ አሁንም ጥርት ያለ ነው። ማንም አያየኝም። ትንሽ ብሰጣቸውስ? እየሞቱ ከሆነ ምን ይቀርባቸዋል? እንዲህ እያልኩ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ሰጥቻቸው ቢድኑ «ሠራ» እላለሁ። ሰጥቻቸው ቢሞቱ «በሽታው ነው የገደላቸው» እላለሁ። በሁለቱም በኩል ነገ ዛሬ ከማውቀው በላይ የማውቀው ነገር የለም። እሳቸው ግን የማይመለስ ነገር ከፍለዋል። ካርቶኑን መልሼ ዘጋሁት። አውቄ አይደለም፤ ጀግና ሆኜም አይደለም።

ስመለስ ሻምበሉ ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና ለመጀመሪያ ጊዜ በለሰለሰ ድምፅ አናገረኝ።

«ያን ቀን ብትሰጫት ኖሮ ትድን ነበር?»

«አላውቅም።»

«ትሞት ነበር?»

«አላውቅም፣ ሻምበል።»

«ይሄን ቃል እንዴት እንደምጠላው» አለ። «ሌሎች የማነጋግራቸው ሰዎች ግን ሁሉም እናውቃለን ነው የሚሉኝ» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነው።

በማግስቱ እማማ አስካለ ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ ወዲያ እብጠቱ እየጎደለ ሄደ። ቀናት አልፈው ልጃቸው ሲገለብጣቸው አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ «ግር…» አሉ። የቀረውን መጨረስ አልቻሉም። ሻምበሉ ከክፍሉ ሮጦ ወጣ። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ሲያለቅስ ወታደሮቹ ጀርባቸውን አዞሩለት። በሩ ላይ የቆመው ዘብ በዚያው ዕለት ተነሣ።

እማማ አስካለ ቤታቸው ገቡ። እግራቸው በምርኩዝ ሄደላቸው፣ ንግግራቸው አንድ አንድ ቃል እየተለቀመ ተመለሰ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደወደቀ ቀረ። ሻምበል ግርማ ወደ ሰሜን ግንባር ተዛወረ። ሊሰናበተኝ መጥቶ «እናቴን አደራ» ብቻ አለኝ። አልተመለሰም። እኔም አደራውን ይዤ ከሥራ ስወጣ ከዚራ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው አንስተው ጭናቸው ላይ አስተካከሉና «እኔ… ፈልጌ ነበር» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። «አውቃለሁ፣ እማማ። እጄን ጨብጠው ነግረውኛል።»

«አሁንም… እፈልጋለሁ።»

ተቆጥተውኝ አይደለም። እውነታቸውን ነው የነገሩኝ። ትክክል ሠርቻለሁ ብዬ ራሴን ሳጽናና የኖርኩበት ሁሉ በዚያች ቃል ፊት ባዶ ሆነብኝ። በሕይወት መቆየታቸው እምቢ ማለቴን ትክክል አያደርገውም፤ ቢሞቱም ኖሮ ስህተት አያደርገውም ነበር።

ዓመታት አለፉ። የደርግ ዘመን ሊያበቃ ሲቃረብ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄጄ በኒና ሰርጌዬቭና ላቦራቶሪ አብሮኝ የሠራ የድሮ ባልደረባዬን አገኘሁት። ስለ መድኃኒቱ ጠየቅኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ሰው ላይ ተሞክሯል አለኝ፤ በሥርዓት፣ ለሕሙማን ተነግሮ፣ ፈቅደው፣ ግማሹ መድኃኒቱን ግማሹ ሌላ ነገር እየተሰጠ። አይጡን ያስነሳ መድኃኒት ሰውን አላስነሳም። እንዲያውም ካልተወጉት ይልቅ የተወጉት ናቸው ደም የፈሰሳቸው። ሙከራው ተቋረጠ፤ መድኃኒቱም ስም ሳይወጣለት ቀረ።

ድሬ ስመለስ በቀጥታ ከዚራ ሄድኩ። እፎይ ብዬ ነው የሄድኩት፣ አልደብቃችሁም። እንደ ምሥራች ነገርኳቸው፤ «ያን ቀን ብወጋዎት ኖሮ ሊጎዳዎት ይችል ነበር፣ እማማ። አሁን ታውቋል።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለጉ ጠየቁኝ።

«እነዚያስ… የተወጉት… ሰዎች?»

«የሞቱ አሉ።»

«አውቀው… ነው የገቡበት?»

«አዎ። ሊሠራም ላይሠራም እንደሚችል ተነግሯቸው፣ ተስማምተው ነው።»

ግራ እጃቸውን አነሱና ወደ ደጅ አማተቡ። «ነፍሳቸውን… ይማር። ለእኔም… ነው የገቡት።»

አንባቢዬ፣ በዚያ በረንዳ ላይ ነው እኔ የተለወጥኩት። እስከዚያ ድረስ ከአይጥ ወደ ሰው ያለውን መንገድ የሳይንቲስቶች መንገድ አድርጌ ነበር የማስበው፣ ቀርፋፋም አድርጌ። መንገዱን የሚሄዱት በሽተኞች እንደሆኑ አንዲት ቃል ለማውጣት የሚታገሉ ሴት አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ የሥራ ዘመኔን የቀረውን ክፍል ያሳለፍኩት አዳዲስ መድኃኒቶች ሰው ላይ በሚሞከሩበት ቦታ ነው። ሥራዬ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የምናውቀውንና የማናውቀውን ሳይሸፍኑ መንገር ነው። አብዛኞቹ መድኃኒቶች ወድቀዋል። ብዙ ቆይቶ፣ ጊዜው ሳያልፍ ለደረሰ ሕመምተኛ የሚረዳ መድኃኒት ተገኝቷል። እሱም ቢሆን የተገኘው ብዙዎቹ ከወደቁ በኋላ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን የእናንተ ሰው ፊቱ ከተጣመመ፣ እጁ ከወደቀ፣ ቃሉ ከተሳሰረ «ይተኛና ይነጋ» አትበሉ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት፣ በደኅና የታየበትን ሰዓትም ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ሐኪም ደግሞ ዓይናችሁን እያየ «አላውቅም» ካላችሁ ቶሎ አትጥሉት። ያን ቃል ለመናገር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። እማማ አስካለ በሰላም ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ግን ዛሬም አዲስ በሽተኛ ፊት ወንበር ስቤ በተቀመጥኩ ቁጥር፣ ከመናገሬ በፊት ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ነገር ነው፤ ይሰሙኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ መልሱንም እጠብቃለሁ።